ቃል የሚጨርስ ሳጥን

ልጄ ተቀምጣ መሥራት አይሆንላትም፤ ሥራዋ ግን የመቀመጥ ሥራ ነው።

"ሽውታ" ያለቻት እናቷ ናት፤ ገና በልጅነቷ፣ በአንዱ በር ገብታ በሌላው ስትወጣ እያየች። ትክክለኛ ስሟ ለመሥሪያ ቤትና ለሐኪም ካርድ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስትበላ መሀል ላይ ትነሣለች። ስልክ ስታወራ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች፤ ምንጣፉ በዚያ መስመር ሳስቷል። ፊልም ስታይ መጨረሻውን ቀድማ አይታ ነው ወደ መጀመሪያው የምትመለሰው። ሰው ሲያወራም ቃሉን ከአፉ ትነጥቀዋለች። "ዛሬ ገበያ ሄጄ…" ካልኳት "ክር አጣህ" ትላለች። እኔ ልል የነበረው ዝናብ እንደመታኝ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አላርማትም፤ "አዎ፣ አጣሁ" ብዬ አልፋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ የስፌት መኪናዬን ከሳሎኑ መስኮት ሥር አድርጌ የጎረቤቱን ሱሪ አሳጥራለሁ፤ ዚፕ እቀይራለሁ፤ የተቀደደ ኪስ እመልሳለሁ። የእሷ ጠረጴዛ ከእኔ ፊት ለፊት ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ከቤት ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ያለነው ሁለታችን ነን። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተኮስኩትን ልብስ እደረድርበታለሁ።

ውሃ መሥሪያ ቤት የገባችው ለሙከራ ነበር። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ወይ ቋሚ ያደርጓታል፣ ወይ ያሰናብቷታል። ካሰናበቷት ሌላ ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ ልትሄድ ከአክስቷ ጋር ጨርሰዋል። እዚያ ሥራ ሞልቷል ትላለች እህቴ። ሽውታ ከዚህ በፊት ሌሎች ቦታዎች ሠርታለች፤ ከሁሉም የወጣችው ራሷ ናት። "ሊያባርሩኝ ነበር" ትላለች። ሊያባርሯት ነበር ወይ? ማን ያውቃል፤ ቀድማቸዋለች።

ይኼኛውን ግን ፈልጋዋለች። የፈለገችውን ነገር የምታስታውቀው ስታማው ነው፤ ይህን መሥሪያ ቤት ደግሞ በየማታው እራት ላይ ታማው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በከተማችን ውሃ በየሠፈሩ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ተራ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ ለሠፈሩ ሰው በስልክ መልእክት ይልካል። ይህን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፉት ጋሽ ቧንቧ የሚባሉ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥራቸው ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቀን ቧንቧ እየጠገኑ ማታ ኮምፒውተር ተምረው፣ ከጉድጓድ ወጥተው ወንበር ያዙ። ስሙ ግን ተከትሏቸው መጣ። አሁን ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሽውታ የተቀጠረችው እሳቸውን ልትተካ ነው።

ችግሩ የጋሽ ቧንቧ ፕሮግራም እንደ ድሮ ሠፈር መሆኑ ነው፤ መንገዱን የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱን ሥራ የሚሠራ ቁራጭ ኮድ አለ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ረጅም ስም አለው፤ ስሙን አንድ ፊደል ካሳትክ አይሠራም። እሳቸው ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። እሷ ግን አንድ ስም በጠፋት ቁጥር የምትጽፈውን ትታ፣ ሌላ ፋይል ከፍታ፣ ፈልጋ፣ አግኝታ ስትመለስ ምን ልትጽፍ እንደነበር ይጠፋታል። ሲጠፋት ትነሣለች። ከተነሣች ደግሞ ሻይ ትጥዳለች። ሻዩ ሲፈላ እሷ በረንዳ ላይ ናት። በዚያ ሰሞን የማንቆርቆሪያችን ቂጥ ጠቁሮ ጠቁሮ ማስለቀቅ አቅቶኝ ነበር።

"ለምንድነው በሠለጠነ ኮምፒውተር የማትሠሪው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ፕሮግራሙ ያለበት ሰርቨር የሚያስገባው በተርሚናል ብቻ ነው።"

"ተርሚናሉ ምንድነው?"

"ይኼ ጥቁር መስኮት ነዋ። ነጭ ጽሑፍ፣ ማውስ የለ፣ ስዕል የለ። ያስገቡኝ በጓሮ በር ነው። ጋሽ ቧንቧ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚህ ነው።"

"ምነው ታዲያ አላማረሩ?"

"የጉድጓድ ሰው ናቸው፤ ጨለማ ለምደዋል።"

በፊት የሠራችባቸው ቦታዎች ኮምፒውተሩ ራሱ ያግዛት ነበር አለችኝ። ሁለት ሦስት ፊደል ስትጽፍ ቀሪውን ገምቶ ያቀርብላታል። በዚህ ጥቁር መስኮት ውስጥ ባለው፣ ኮዱ በሚጻፍበት ኤዲተርም ይህን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ማንም አስገብቶት አያውቅም። የሙከራው ጊዜ እያለቀ ሥራዋ ወደ ኋላ ቀርቶባታል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች፤ ማለቴ ተቀመጠች።

ያን ቀን ሙሉ የአንድ የሙሽራ ወንድም ሱፍ እያጠበብኩ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ።

መጀመሪያ የኤዲተሩ መመሪያ የሚጻፍበትን ፋይል ከፍታ ጥቂት መስመሮች ጨመረች። ይኼ ግምቱ ለሚታይበት ሳጥን ነው አለችኝ። ቀጥሎ ሌላ ፕሮግራም መጫን ነበረባት። ኤዲተሩ ራሱ ስሞቹን አያውቅም፤ ኮዱን ሁሉ አንብቦ የሚያውቀው ይኼኛው ነው፤ ኤዲተሩ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይነግረዋል። ማውረድ ጀመረች። ኔትወርኩ ሄደ። ተነሣች። ኔትወርኩ መጣ። ተቀመጠች። ወረደ፤ የማይሆን ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ሰርቨሩ አሮጌ ስለሆነ አዲሱን አይቀበልም። የድሮውን ፈልጋ እንደገና ማውረድ ጀመረች። በመሀሉ እህቴ ደወለች።

"አክስቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አዎ። አይ፣ ገና አልታወቀም። ክፍሉን እንኳን አሁን አትቀቢው። ምን ዓይነት ቀለም? አይሆንም፣ ሰማያዊ አልወድም። ቆይ፣ ኤረር መጣ፤ ቻው።"

ስልኩን ሶፋው ላይ ጣለችው።

"ክፍል ልትቀባልሽ ነው?" አልኩ።

"ልትቀባ ነው።" ዓይኗ ከጥቁሩ መስኮት አልተነሣም። "አባዬ፣ ሰውዬው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ 'የለም' የሚል ዘበኛ ገጥሞህ ያውቃል?"

"ሞልቶ።"

"ይኸው አንድ። ፕሮግራሙን ጭኜዋለሁ። አለ። በዓይኔ አየዋለሁ። ኤዲተሩ ግን 'አላገኘሁትም' ይላል።"

"ምናልባት ደክሞት ይሆናል።"

"ማን?"

"ዘበኛው።"

አልሳቀችም። ከበር እስከ መስኮት ሄደች፤ ተመለሰች። ጥፍሯን በላች። አንዴ ላፕቶፑን እንደ ትሪ ተሸክማ ወጥ ቤት ገባች፤ እዚያ ቆማ ስትጽፍ ሰማኋት፤ ከዚያ ተሸክማው ተመለሰች። ደግሞ መመሪያውን ሁሉ አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች። የሱፉን ጀርባ ስፌት ፈትቼ እንደገና እስክሰፋ ድረስ እሷም ፈትታ ሰፋች። ከሰዓት በኋላ ላይ ነው ያወቀችው፤ ፕሮግራሙ ያረፈው ኤዲተሩ በማይፈልግበት ማኅደር ውስጥ ነው። የት እንደሚፈልገው አንድ መስመር ጻፈችለት። ኤዲተሩን ዘግታ እንደገና ከፈተች።

ከዚያ ከወንበሯ አልተነሣችም። እሷ ሳትነሣ ስትቀር ነው እኔ የምደነግጠው።

"ና እየው" አለችኝ።

መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፍቼ ሄድኩ። ሦስት ፊደል ጻፈች። ከፊደሎቹ ሥር ትንሽ ግራጫ ሳጥን ተከፈተች፤ ውስጧ ስሞች ተደርድረዋል፤ ጋሽ ቧንቧ በዕድሜያቸው የሰየሟቸው ሁሉ ናቸው። የላይኛው ስም ደምቋል። ኢንተር ስትመታ ያ የደመቀው ስም ሙሉ በሙሉ ተጽፎ አረፈ።

"ሳልጨርስ ይጨርስልኛል" አለች።

"አንቺን ነው የመሰለው" አልኳት።

ያኔ ሳቀች። እናቷ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር፤ ሱፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ሥራ ማን ይቁጠረው። ስሙን ፍለጋ መውጣት ቀረ፤ መውጣት ሲቀር መነሣትም ቀነሰ። ሻይ የምጥደው እኔ ሆንኩ። መሥሪያ ቤትም ሄዳ ለጋሽ ቧንቧ አሳየቻቸው። ያሉትን ማታ ድምፃቸውን አስመስላ ነገረችኝ፤ እሳቸው ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል ጠብ ጠብ እያደረጉ ነው፤ እንደሚያፈስ ቧንቧ።

"መጀመሪያ የመጣውን ስም ዝም ብሎ ነው የሚወስደው?"

"የደመቀውን ነው፣ ጋሼ። ኢንተር ስመታ።"

"አዲስ መስመር ስትጀምሪስ ምንድነው የምትመቺው?"

"ኢንተር።"

"እና ሁለቱ አይጣሉም?"

"ጣቴ ያውቃል።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ልጄ።"

"ጊዜ ይቆጥባል፣ ጋሼ።"

"እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው፤ ምርኩዝ አያስፈልገኝም" ብለው ወደ ወንበራቸው ዞሩ። "ቀንተው ነው" አለችኝ ሽውታ፤ "አባዬ፣ ሽማግሌ ሲቀና ደግሞ ተረት ነው የሚያበዛው።"

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእኛ በላይ ፎቅ የምትኖረው ነርስ የሥራ ቀሚሷን ልታሳጥር መጣች። ሽውታ መሥሪያ ቤት ናት። ነርሷ መስተዋቱ ፊት ቆማለች፤ እኔ ተንበርክኬ ስፒል በአፌ ይዤ ጫፉን እያጠፍኩ ነው። የነርሷ ስልክ ጮኸ። የእኔም ጮኸ። ግድግዳው ማዶ የጎረቤት ስልክ ጮኸ፤ ደረጃው ላይም የአንድ ሰው።

ነርሷ አነበበችው። "ተነሱ፣ ውሃ መጣ። ባልዲ ያለው ባልዲ፣ ድስት ያለው ድስት። የተኛ ሰው ፊቱን በምራቁ ይታጠብ።" ቀና አለች። "ውሃ መሥሪያ ቤት ነው የላከው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያናግሩን? የወለደችኝ እንኳ እንዲህ ቀስቅሳኝ አታውቅም።"

አፌ ውስጥ ስፒል ነበር። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ። የፈረቃችን ቀን ንጋት ላይ ባለቤቴ የመኝታ ቤቱን በር በጣቷ ጫፍ እየመታች ትላቸው የነበሩ ናቸው። አንድም አልተጨመረም፤ አንድም አልጎደለም። ከኪሴ ስልኬን አወጣሁ፤ አየሁት፤ መልሼ ከተትኩት።

"ጋሼ፣ ስፒሉን ይውጡታል" አለችኝ ነርሷ። ከዚያ የታጠፈ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ግማሹ ረጅም ግማሹ አጭር ሆኖ፣ ባልዲ ልታወጣ ወደ ላይ ሮጠች።

ደረጃው በጀሪካን ተሞላ። ሁሉም ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ተነፈሰ፤ አንዴ እንደ አዛውንት ሳለ፤ ዝም አለ። ሰው ጠበቀ። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ጺሙን የላጨውን ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ወጥቶ ነበር። "ድሮ ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር" አለ፤ "ዘንድሮ ውሃ አለኝ በስልክ ሆነ።" ደንበኛው ከነአረፋው ብቅ ብሎ "መጣ ወይ?" አለ። "ምራቅህን ተጠቀም" አሉት ከላይ።

ሽውታ ያለ ሰዓቷ መጣች። ሰላም አላለችኝም። መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ሲጎተት ሰማሁ። በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ልብሷን ሳታጥፍ እየወረወረች ነው።

"ለሙከራ ነበር የምልከው" አለች ፊቷን ሳታዞር። "የሙከራው ለኔና ለጋሽ ቧንቧ ስልክ ብቻ ነው የሚሄደው። የሆነ ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር፤ የመጣልኝ እሱ ነው። ሳጥኑ ሁለት ስም አወጣ። ከላይ 'ለሁሉም ላክ'፣ ከሥሩ 'ለሙከራ ላክ'። አዲስ መስመር ልጀምር ኢንተር መታሁ። የደመቀውን ወሰደው። እኔ ለሙከራ የጻፍኩ ነው የመሰለኝ፤ ሳላየው ፕሮግራሙን አስነሣሁት።"

"የሙከራና የእውነቱ አንድ ላይ ነው እንዴ?"

"አንድ ሰርቨር ነው ያላቸው። አንድ።" ሹራብ ወረወረች። "ከተማው በሙሉ ደረሰው፣ አባዬ።"

"ደርሶኛል" አልኩ።

ያኔ እጇ ቆመ። እንደደረሰኝ አላሰበችም ነበር መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረች። ሹራቡን አንሥቼ አጠፍኩት።

"ኃላፊሽስ ምን አለችሽ?"

"አልጠበቅኳትም። ከማባረሯ በፊት ወጣሁ።"

ስልኳ ጮኸ። አላነሣችም። እንደገና ጮኸ። ጋሽ ቧንቧ ናቸው። ሦስተኛ ሲጮህ አንሥታ ድምፁን ክፍት አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ጥፋት ሲኖርባት እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ስድቡን ከሩቅ ልትሰማ።

"የት ነሽ?" አሉ ጋሽ ቧንቧ።

"ቤት ነኝ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"የኔ ይቅርታ ምን ያደርግልሻል፤ ውሃ አይቀዳበት። አዳራሹ በጀሪካን ተሞልቷል። ሰው ይጮሃል። መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ምን እንደሚሉ አያውቁም።"

"እኔስ ምን እላለሁ?"

"እውነቱን ነዋ። አፍስሰሻል፤ ነይና ልቀሚ።"

ዘጉት። ሽውታ ሻንጣውን አየች፤ በሩን አየች። አሁንም በአንዱ በር ልትወጣ ነው፤ በየትኛው እንደሆነ ግን እኔም አላወቅኩም።

"ክር መግዛት አለብኝ" አልኳት። "በዚያው በኩል ነው መንገዴ።"

ክር ሞልቶኛል። ታውቃለች። አብረን ወጣን። እሷ ከፊቴ እየቀደመች፣ ጥግ ላይ እየቆመች፣ ስደርስባት ደግሞ እየቀደመች ሄድን።

የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የቆሸሸ ላስቲክና የላብ ሽታ ነበረው። ወረፋ የለም፤ ክምር ነው። አንዱ ባዶ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ ይደበድባል። ኃላፊዋ አጭር ሴት ናት፤ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ሽውታን ስታይ አልተቆጣችም። ጣቷን ብቻ ቀሰረች።

"ሦስተኛው መስኮት ባዶ ነው። ግቢ።"

"ምን ልበላቸው?"

"አንቺ ነሽ የጠራሻቸው።"

ገባች፤ ተቀመጠች። ከመስታወቱ በስተጀርባ አየኋት። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ሲርገበገብ መስታወቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ በአንድ መጡ። ለእያንዳንዱ ያንኑ ትለዋለች፤ በስሕተት ነው የተላከው፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ የእናንተ ሠፈር ተራ ይኼ ቀን ነው። አንዱ ሰደባት። አንዱ ፎቶ አነሣት። አንዱ ወጣት "እህቴ፣ ቀጥሎ ደግሞ መብራት መጣ ብለሽ ላኪልን፤ ቢያንስ ተስፋ ይኖረናል" አላት። አንዳንዴ ትነሣለች፤ የምትሄድበት የለም፤ ክፍሉ ከወንበሩ አይሰፋም፤ ትቀመጣለች።

ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር የቋጠሩ አንዲት አሮጊት ባልዲያቸውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።

"ይህን ነገር የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"የአንቺ ቃል አይመስልም። የትልቅ ሰው ቃል ነው።"

"የእናቴ ነው።"

"እናትሽ አዋቂ ናት። ልክ ናት። የተኛ ሰው ምራቅም አይገባው።" ባልዲውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። "ምነው ታዲያ ውሃውንም አብራ አትልክም? ንገሪያት።"

"አርፋለች፣ እማማ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ከባልዲው ላይ አነሡ። "ያጥናሽ" አሉ። ከዚያ ኋላቸው የቆመው ሰው ሲገፋቸው ዞር ብለው በክርናቸው መለሱት። "ቆይ እንጂ፤ ገና አልጨረስኩም። ታዲያ የኛ ተራ መቼ ነው፣ ልጄ?"

ነገረቻቸው። አዳራሹ እስኪጸዳ ድረስ እዚያው ነበረች። እኔ ክር ሳልገዛ ግድግዳው ሥር ቆሜ ዋልኩ።

በማግሥቱ ኃላፊዋ ሽውታንና ጋሽ ቧንቧን ቢሮዋ ጠራቻቸው። የሆነውን ከሽውታ ነው የሰማሁት፤ እየተራመደች ስለነገረችኝ ግማሹን ከወጥ ቤት ሆና ነው።

"ያ ሳጥን ይውጣ" አለች ኃላፊዋ።

"ሳጥኑ አይደለም" አለች ሽውታ። "እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግኩት። ሳልመርጥ እንዲመርጥልኝ አድርጌ ነው የገጠምኩት። ሊስተካከል ይችላል።"

"እሳቸው ያለ ሳጥን ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል።"

ጋሽ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያደረጉ ተናገሩ። "ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሙከራውን ከእውነቱ ጋር ያስቀመጠው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛ ሰርቨር ግዙ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ። ልጅቷ የወደቀችው እኛ በቆፈርነው ነው።" ቆም አሉ። "ሌላም ነገር አለ። ሳጥኑን እኔም እፈልገዋለሁ።"

"ለምን?" አለች ኃላፊዋ።

"ስሞቹ እየጠፉኝ ነው። ዘንድሮ ሳይሆን ካቻምና ነው የጀመረኝ። ጠዋት የማውቀውን ከሰዓት አጣዋለሁ። ፋይል ከፍቼ በድብቅ አያለሁ። ጡረታ ልውጣ ያልኩት ለምን መሰለሽ? ወገቤን አሞኝ?"

ሽውታ ይህን ስትነግረኝ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። "ምርኩዝ ያሉኝ እኮ እሳቸው ናቸው" አለች።

ያን ሳምንት ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዋሉ። መጀመሪያ የራሷን አስተካከለች። አሁን ሳጥኑ ሲከፈት የሚደምቅ ስም የለም፤ በቀስት ቁልፍ ወርዳ ራሷ እስክትመርጥ ይጠብቃታል። ኢንተር አዲስ መስመር ብቻ ነው የሚጀምረው። "ለሁሉም ላክ" የሚለውም ቢሆን ዝም ብሎ አይሄድም፤ ለስንት ሰው እንደሚደርስ አሳይቶ "እርግጠኛ ነሽ?" ይላል። "እርግጠኛ ነኝ" ብሎ ሙሉውን በእጅ መጻፍ ነው፤ ይኼን ሳጥኑም አይጨርሰውም። ከዚያ የጋሽ ቧንቧን ኮምፒውተር ገጠመችላቸው። ለእሳቸው ፊደሉን አተለቀች፤ ሳጥኑም ቶሎ እንዳይከፈት አዘገየችው፤ በድንገት ሲከፈት ያስደነግጠኛል ስላሏት።

"አንቺ ልጅ" አሏት በሳምንቱ መጨረሻ ቀን፤ "ይህን የሚያህል ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሚስቴ ብቻ ናት፤ እሷም እየተኛች።"

አርብ ዕለት ኃላፊዋ ወረቀት ሰጠቻት። ቋሚ ቅጥር ነው። ፈርማ ሰኞ ትመልሳለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ የምትፈልገው እሱ ነበር፤ ቤት ስትገባ ግን ወረቀቱን የስፌት መኪናዬ ላይ ጥላ መመላለስ ጀመረች። እሑድ ማታ እየመሸ ወረቀቱ እዚያው ነበር። የሰው ሱሪ ልሰፋ ሁለቴ አነሣሁት፤ ሁለቴ መልሼ አስቀመጥኩት። አክስቷ ደውላ ክፍሉን ነጭ እንደቀባችው ነገረቻት።

"አሁንስ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም። ቋሚ ይላል።"

"ይህን አልነበር የፈለግሽው?"

"ሳይሰጡኝ ነበር የፈለግኩት።" መስኮቱ ጋ ደረሰች፤ ዞረች። "ብሄድስ፣ አባዬ? እዚያ ያለው ደመወዝ ይሻላል። አክስቴ ብቻዋን ናት።"

"ሥራ ካለ ትሄጃለሽ" አልኩ። የመርፌው ዓይን አልገኝ አለኝ፤ ክሩን በምላሴ አሾልኩት። "እኔ እንደሆንኩ…"

"አንተ እንደሆንክ ምንም አትሆንም። አውቃለሁ።"

"አይደለም" አልኳት።

ቆመች። እርማት አልለመደችም።

"ታዲያ ምን ልትል ነበር?"

"ይከብደኛል።"

ክሩ ገባ። ቋጠርኩትና ሱሪውን ወደ ጭኔ ሳብኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የእግሯን ድምፅ ግን አልሰማሁም። ትንሽ ቆይታ መጣች፤ የጨርቅ መስመሪያ ጠመኔዬን አንሥታ፣ አይ ይኼ አይደለም ብላ፣ ከመሳቢያው እስክሪፕቶ አወጣች። ቆማ፣ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ፈረመች።

"አንተ ደግሞ አንዲት ቃል ለመናገር ስንት ዘመን ትፈጃለህ" አለች።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ቧንቧ ናቸው፤ ቤታቸው ሆነው ሊለማመዱ ከፍተው ሳጥኑ ጠፍቶባቸዋል። "ምን ነክተው ነው?" ስትል ሰማኋት። "ምንም አልነካሁም ይሉኛል፤ እኔ የማላውቅዎት ነው? ይተዉት፣ ጋሼ። እንዳይነኩት። ነገ ጠዋት ከጎንዎ ነኝ።" እያወራች ወደ በሩ ሄደች፤ ወደ መስኮቱ ተመለሰች፤ ደግሞ ወደ በሩ።